ባቡሮች ነጠላ ሐዲድ ላይ ሲፋጠጡ፦ የኦፕን ቲቲዲ ሲግናል የት ይተከላል?

ኦፕን ቲቲዲ የባቡርና የሌላ ትራንስፖርት መስመር የምትዘረጋበት የኮምፒውተር ጌም ነው። የአንድ ተጫዋች ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ኦፕን ቲቲዲ ላይ የአዳማ–ድሬዳዋን መስመር የሚመስል ነጠላ ሐዲድ ዘረጋሁ። አዳማና ድሬዳዋ ላይ ባለ አንድ ፕላትፎርም ጣቢያ አለ። መሃል ላይ፣ አዋሽ፣ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ድርብ ሐዲድ ሠርቻለሁ። አንድ ባቡር ብቻ ሲሆን ምንም ችግር የለም። ሁለተኛና ሦስተኛ ስጨምር ግን መንገድ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆሙ። የነበሩት ሲግናሎች ላይ ሌላ ጨመርኩ፤ ባሰበት። አሁን በየቦታው ሲግናል አለ፣ ሁሉም ቀይ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ባቡር የለም። ሲግናሉ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። ሲግናሎችህ የታዘዙትን በትክክል እየፈጸሙ ነው። ችግሩ የተተከሉበት ቦታ ነው። ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። ይህን ጌም የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚሁ ጋ ይደርሳል። ባቡሩ ሲቆምበት ሲግናል ይጨምራል፣ ሲጨምር ይብስበታል፣ በመጨረሻ ካርታውን አጥፍቶ አዲስ ይጀምራል።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው ምክር አብዛኛው «እዚህ ጋ ይህን ትከል፣ እዚያ ጋ ያንን» የሚል ነው። ያ ለአንድ ካርታ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ላይ ግን እንደገና ግራ ትጋባለህ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ልስጥህ። ማንኛውንም ሲግናል ከመትከልህ በፊት «ባቡር እዚህ ቢቆም መንገድ የሚዘጋው በማን ላይ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ማንም ላይ ካልዘጋ ትከል። ከዘጋ ይቅርብህ። ሲግናል ለባቡሩ የሚነግረው ቆሞ መጠበቂያ ቦታውን ነው። አንተ ሲግናል በተከልክ ቁጥር «እዚህ መቆም ይቻላል» ብለህ ፈቃድ እየሰጠህ ነው። ነጠላ ሐዲድ መሃል ላይ ፈቃድ ሰጥተሃቸዋል፣ እነሱም ሄደው ቆሙ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ትንሽ ወደ እውነተኛው ባቡር ልውሰድህ። ድሮ ብሪታኒያ ውስጥ ብዙ መስመሮች ላይ ባቡሮች የሚለያዩት በደቂቃ ነበር። አንዱ ከሄደ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሌላው ይለቀቃል። የፊተኛው መንገድ ላይ ቢቆምስ? የኋለኛው የሚያውቅበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1889 አየርላንድ ውስጥ፣ አርማ ከተማ አጠገብ፣ ሽርሽር የሚሄድ ሕዝብ የጫነ ባቡር ዳገት አቃተው። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፈሉት፤ ሐሳባቸው የፊተኛውን ክፍል መጀመሪያ ማውጣት ነበር። የቀሩትን ፉርጎዎች ፍሬኑ አልያዛቸውም። ቁልቁል ተንሸራተው ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጩ። ወደ 80 ሰው ሞተ፣ ከእነሱ መሃል ሕፃናትም ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ መንገደኛ በሚጫንባቸው መስመሮች ላይ ባቡሮች በቦታ እንዲለያዩ መንግሥት እንዲያስገድድ ሥልጣን ሰጠው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይቆረጣል፤ አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ ይገባል። ክፍሉ ብሎክ ይባላል።

ጌምህ ውስጥ ያለው ብሎክ ሲግናል ይኸው ነው። በሲግናሎች የታጠረ ሐዲድ አንድ ብሎክ ይሆናል። ውስጡ ባቡር ካለ ቀይ፣ ከሌለ አረንጓዴ። የሚገባው ባቡር ወዴት እንደሚሄድ፣ ከወዲያ በኩል ማን እየመጣ እንደሆነ አይመለከተውም። የፊቱን ክፍል ብቻ ነው የሚያየው።

አሁን የአንተን መስመር እንየው። አዋሽና ድሬዳዋ መሃል፣ ነጠላው ሐዲድ ላይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያይ ብሎክ ሲግናል ተክለሃል እንበል። ከአዋሽ የሚነሳው ባቡር የመጀመሪያው ግማሽ ባዶ ስለሆነ አረንጓዴ ያገኛል። ይገባል። ከድሬዳዋ የሚነሳውም የራሱ ግማሽ ባዶ ነው፤ አረንጓዴ ያገኛል። ይገባል። መሃል ላይ ሲደርሱ አንዱ የሚፈልገውን ክፍል ሌላው ይዞታል። ልብ በል፣ አልተጋጩም። ሲግናሉ ከግጭት አድኗቸዋል። ግን ማንም ወደ ኋላ አይመለስም፣ ማንም ወደ ፊት አይሄድም፣ ከኋላ የሚመጡት ደግሞ ይሰለፋሉ። ከሲግናሉ ግራና ቀኝ ሌላ ሲግናል ብትጨምር ምን ይሆናል? ብዙ ባቡር ወደ ወጥመዱ እንዲገባ ታደርጋለህ። «ጨመርኩ፣ ባሰበት» ያልከው ይህ ነው።

ነጠላ ሐዲድን በብሎክ ሲግናል ማስተዳደር አይቻልም እያልኩ አይደለም። ይቻላል። ግን አድካሚ ነው፣ አሁን ደግሞ አስፈላጊም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የ0.7 ዕትም ፓዝ ሲግናል የሚባለው ገብቷል። በአዳዲሶቹ ዕትሞች የሲግናል መስኮቱን ስትከፍት መጀመሪያ የምታያቸው ሁለቱ ፓዝ ሲግናሎች (ተራውና ባለ አንድ አቅጣጫው) ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሰቲንግ ውስጥ ካላበራሃቸው አይታዩም። ጌሙን የሚሠሩት ሰዎች ምን መጠቀም እንዳለብህ በዚህ ነግረውሃል።

ፓዝ ሲግናል የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ባቡሩ ሲግናሉ ጋ ሲቀርብ እስከሚቀጥለው መቆሚያ ድረስ የሚሄድበትን ሐዲድ ይመርጣል። መቆሚያ የሚባሉት ሦስት ናቸው፦ ሌላ ሲግናል ፊት ያለው ቦታ፣ የሐዲድ መጨረሻ እና ዴፖ (የባቡር ጋራዥ)። እስከዚያ ያለው መንገድ በሙሉ ነፃ ከሆነ ባቡሩ ለራሱ ይይዘዋል። ሲግናሉ አረንጓዴ ይሆናል። አንዷ ቁራጭ ሐዲድ እንኳን በሌላ ባቡር ከተያዘች ባለበት ይጠብቃል። ግማሽ መንገድ ይዞ መግባት የለም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ፓዝ ሲግናል ሁልጊዜ ቀይ ነው። አረንጓዴ የሚሆነው መንገድ የያዘ ባቡር ሊያልፍበት ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ካርታህ ላይ ቀይ በቀይ ማየትህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። አንዳንዱ ይህን ሳያውቅ ደህናውን መስመር ያፈርሳል።

የድሮ የእንግሊዝ ነጠላ መስመሮች ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ ነበር፣ ያለ ኤሌክትሪክ። ለእያንዳንዱ ነጠላ ክፍል አንድ በትር ይመደባል። ነጂው በትሩን በእጁ ካልያዘ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። በትሩ አንድ ስለሆነ ከሁለቱም ጫፍ ሁለት ባቡር ሊገባ አይችልም። ፓዝ ሲግናል አረንጓዴ ሲሆን ለባቡሩ በትሩን የሰጠው ያህል ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ጌሙን ፖዝ አድርጌ ልሥራ አትበል፤ ሰቲንጉን ካልቀየርክ ፖዝ ላይ ግንባታ አይፈቀድም። በምትኩ የእያንዳንዱን ባቡር መስኮት ክፈትና ከታች ያለውን አሞሌ ተጭነህ አቁመው። የተፋጠጡትን አንዱን አዙረህ ወደ ኋላ መመለስ ትችላለህ፤ ባቡሩ መስኮት ላይ የማዞሪያ ቁልፍ አለ። ከዚያ ነጠላው መስመር ላይ ያለውን ሲግናል በሙሉ አንሳ። በሙሉ። «ይህችን እንኳን ልተዋት» አትበል።

ቀጥሎ አዋሽ ላይ ያሉትን ሁለት ሐዲዶች ለካቸው። እያንዳንዳቸው ከረጅሙ ባቡርህ መርዘም አለባቸው። በጌሙ የራሱ ባቡሮች አንድ ካሬ (ካርታው ከተከፋፈለባቸው አራት ማዕዘኖች አንዱ) ሁለት ፉርጎ ይይዛል፣ ሎኮሞቲቩም እንደ አንድ ይቆጠራል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩን ጨምሮ 10 ቁራጭ ያለው ባቡር 5 ካሬ ይፈልጋል። እኔ ከዚያ ላይ አንድ ካሬ እጨምራለሁ። ነገ ፉርጎ መጨመርህ አይቀርማ። የባቡሩ ጅራት ሐዲዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ የፈለግከውን ሲግናል ብትተክል አያድንህም።

አሁን ለሁለቱ ሐዲዶች አቅጣጫ መድብላቸው። የሰሜኑ ወደ ድሬዳዋ ለሚሄዱ፣ የደቡቡ ወደ አዳማ ለሚመለሱ ይሁን። የሰሜኑ ሐዲድ መውጫ ላይ፣ ማለትም በድሬዳዋ በኩል ባለው ጫፍ፣ አንድ ባለ አንድ አቅጣጫ ፓዝ ሲግናል፣ ማለትም ከጀርባው የሚመጣ ባቡር የማያሳልፈውን፣ ትከል። የደቡቡ ሐዲድ መውጫ ላይ፣ በአዳማ በኩል፣ ሌላ አንድ። መብራቱ ከሐዲዱ ለሚወጣው ባቡር ፊቱን ማሳየት አለበት። ከተገለበጠ ሲግናሉን እንደገና ስትጫነው ይዞራል። ሐዲዱ በሚከፈልበት ካሬ ላይ ሲግናል መትከል ስለማይቻል ከእሱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቀጥ ያለ ካሬ ላይ አድርገው።

አለቀ። ጠቅላላ መስመርህ ላይ ሁለት ሲግናል ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አያምነኝም። «ጣቢያው መውጫ ላይስ? መተላለፊያው መግቢያ ላይስ?» ይላል።

ጣቢያው ላይ አያስፈልግም። ፓዝ ሲግናል ያለበት ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚነሳ ባቡር ሲግናል ፊቱ ባይኖርም መንገድ ሳይዝ አይወጣም። ከአዳማ የሚነሳው ነጠላውን ሐዲድ እና የአዋሽን የሰሜን ሐዲድ እስከ መውጫ ሲግናሉ ድረስ መያዝ አለበት። ካልቻለ ፕላትፎርሙ ላይ ይጠብቃል። መተላለፊያው መግቢያ ላይ ደግሞ ጥያቄያችንን እንጠይቅ፦ ባቡር እዚያ ቢቆም መንገድ የሚዘጋው በማን ላይ ነው? ነጠላው ሐዲድ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ከአዋሽ ወደ አዳማ ሊወጣ የተዘጋጀው ላይ ይዘጋበታል። ስለዚህ አይተከልም።

ለምን ብሎክ ሲግናል እዚህ እንደማይበቃም ተመልከት። የሰሜኑ ሐዲድ ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር ተራ እየጠበቀ ቆሟል እንበል። የደቡቡ ሐዲድ ላይ ያለው ደግሞ ወደ አዳማ መውጣት ይፈልጋል። መንገዳቸው አይነካካም። ነገር ግን የቆመው ባቡር ያለበት ሐዲድ ከአዳማ ከሚመጣው ነጠላ ሐዲድ ጋር አንድ ብሎክ ነው፤ መሃላቸው ሲግናል የለምና። ብሎክ ሲግናል ቢሆን «ውስጡ ባቡር አለ» ብሎ ቀይ ይሆን ነበር። ፓዝ ሲግናል ግን የሚያስበው በብሎክ ሳይሆን በመንገድ ነው። ሁለቱ መንገዶች ካልተነካኩ ያሳልፋል። በእውነተኛው ዓለም ይህን የሚሠራው ሲግናሎችንና የሐዲድ መቀያየሪያዎችን አንድ ላይ የሚቆልፈው መሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ጀምሮ ሐሳቡ ብዙም አልተለወጠም፤ የሚጋጩ ሁለት መንገዶች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም።

አሁን ሁሉም ሰው ወደማይነግርህ ነገር ልምጣ። ሲግናሉን በትክክል ተክለህም መስመሩ ሊቆለፍ ይችላል። ምክንያቱ የባቡር ብዛት ነው።

መስመርህ ላይ ባቡር ቆሞ መጠበቅ የሚችልባቸውን ቦታዎች ቁጠር። አዳማ አንድ ፕላትፎርም፣ ድሬዳዋ አንድ ፕላትፎርም፣ አዋሽ ሁለት ሐዲድ። አራት ቦታ። አራት ባቡር ብታስገባ ምን ይሆናል? አዳማ ያለው ለመውጣት የአዋሽ የሰሜን ሐዲድ ባዶ እንዲሆን ይፈልጋል። እዚያ የቆመው ድሬዳዋ እንዲለቀቅለት ይጠብቃል። ድሬዳዋ ያለው የአዋሽን የደቡብ ሐዲድ ይፈልጋል። እዚያ ያለው ደግሞ አዳማን። ክብ ሆነ። ሁሉም ሌላውን እየጠበቀ ነው። ሁሉም ሲግናል ትክክል ነው። ሁሉም ባቡር ቆሟል። እስከ ዘላለም ይቆማል።

ሦስት ባቡር ከሆኑ ግን ሁልጊዜ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ባዶው ቦታ ላይ አንዱ ይገባል፣ የእሱ ቦታ ይለቀቃል፣ ቀጣዩ ይገባል። እየተጠባበቁም ቢሆን ይሄዳሉ። ስለዚህ የባቡሩ ብዛት ከመቆሚያ ቦታዎቹ ቢያንስ በአንድ ማነስ አለበት። ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር በዕድል ሳይሆን በእርግጠኝነት የሚሠራ ሒሳብ ነው። ሦስት ባቡርህ እንግዲህ ትክክለኛው ቁጥር ነው። አራተኛ ከፈለግክ መጀመሪያ ቦታ ጨምር። ርካሹ መንገድ አዳማ ላይ ሁለተኛ ፕላትፎርም መሥራት ነው። ከነጠላው ሐዲድ ወደ ሁለቱ ፕላትፎርሞች ሲከፈል መሃል ላይ ሲግናል እንዳታስገባ ብቻ።

እዚህ ላይ የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ባቡርህን «ሙሉ እስኪጭን ጠብቅ» ብለህ ካዘዝከው ፕላትፎርሙን ለወራት ሊይዘው ይችላል፤ በጌሙ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከውጭ ሲታይ ሲግናል የተበላሸ ይመስላል። ሌሎቹ ተሰልፈው ቀይ ላይ ቆመዋል። ችግሩ ግን አዳማ ላይ ጭነት የለም፣ ባቡሩ ደግሞ ካልሞላሁ አልሄድም ብሏል። ባለ አንድ ፕላትፎርም ጣቢያ ላይ ይህን ትእዛዝ አልመክርም። የግድ ከሆነ ለእሱ የተለየ ፕላትፎርም ሥራ።

የባቡር ብልሽት ሰቲንግ ክፍት ከሆነም እንደዚሁ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ አንድ ባቡር ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል። ይህ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይፈታል፣ ስለዚህ ከመደናገጥህ በፊት ጠብቅ።

መስመርህ ሲያድግ ወደ ድርብ ሐዲድ መሄድህ አይቀርም። እውነተኛውም እንዲሁ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ሆኖ ባቡሮቹ ጣቢያዎች ላይ ይተላለፋሉ። ካርታህን ከአዳማ ወደ ምዕራብ ካራዘምክ ያንኑ መከተል ትችላለህ።

ድርብ ሐዲድ ከነጠላው በጣም ይቀላል። አንዱን ሐዲድ ለመሄጃ፣ ሌላውን ለመምጫ ታደርጋለህ። ሁለቱም ላይ ባለ አንድ አቅጣጫ ፓዝ ሲግናል በተከታታይ ትተክላለህ። አንድ በአንድ መጫን አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ትከልና ከእሱ ጀምረህ ሐዲዱን ተከትለህ ጎትት። ስትጎትት የኮንትሮልን ቁልፍ ከያዝክ እስከሚቀጥለው መጋጠሚያ ድረስ ራሱ ይሞላልሃል። በስንት በስንት ካሬ እንደሚተከል ሲግናል መስኮቱ ውስጥ ትመርጣለህ። እኔ የባቡሩን ርዝመት ነው የምመርጠው። 5 ካሬ ባቡር ከሆነ በየ5 ካሬው። በጣም ካራራቅከው ባቡሮቹ በመሃላቸው ሰፊ ክፍተት እየተው ይሄዳሉ፣ ሐዲዱ ይባክናል። በየካሬው መትከልም ትርፉ ትንሽ ነው፣ የካርታውን መልክ ማበላሸት ነው። ድልድይና ዋሻ ላይ ሲግናል አይተከልም። ረጅም ዋሻ ካለህ ክፍተቱን የሚወስነው እሱ ነው፤ መስመሩ ቢጨናነቅ ሁለት ዋሻ ጎን ለጎን መሥራት ይኖርብሃል።

ድርብ ሐዲድ ላይ ሰው የሚሳሳተው መጋጠሚያ ላይ ነው። ሁለት መስመር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲግናል ከመጋጠሚያው በፊት ይተከላል። ውስጡ ምንም አይተከልም። ከመጋጠሚያው በኋላስ? የመጀመሪያው ሲግናል ቢያንስ አንድ ሙሉ ባቡር የሚያስቆም ርቀት ላይ መሆን አለበት። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፊቱ ያለው መኪና ሳይንቀሳቀስ ገብቶ መሃል ላይ የሚቆመውን ሚኒባስ ታውቀዋለህ። መብራቱ ሲቀየር አራቱንም አቅጣጫ ይዘጋል። መጋጠሚያው እንዳለፈ ወዲያው ሲግናል ከተከልክ ባቡርህን ያንን ሚኒባስ አደረግከው ማለት ነው። አፍንጫው ሲግናሉ ጋ ይቆማል፣ ጅራቱ መጋጠሚያው ላይ ይቀራል።

ድርብ ሐዲድ ጫፍ ላይ ያለ ጣቢያም በዚሁ ሕግ ይሠራል። በሚገባው ሐዲድ ላይ፣ ሐዲዶቹ ከሚሻገሩበት ቦታ በፊት፣ አንድ ሲግናል። በሚወጣው ሐዲድ ላይ፣ ከመሻገሪያው አንድ ባቡር ያህል ርቆ፣ ሌላ ሲግናል። በመሻገሪያውና በፕላትፎርሞቹ መሃል ባዶ። ባቡሩ መንገዱን የሚይዘው እስከ ፕላትፎርሙ ድረስ ነው፤ ባዶ ፕላትፎርም ከሌለ ውጭ ይጠብቃል።

ባቡር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል የሚወጣበት ጣቢያ ግን ይለያል። እዚያ ፕላትፎርሙ የሐዲድ መጨረሻ ስላልሆነ እንደ መቆሚያ አይቆጠርም። መውጫው ላይ ሲግናል ካላደረግክ ባቡሩ ፕላትፎርሙን አልፎ እስከሚቀጥለው ሲግናል ድረስ ይይዛል። እየጫነ ቆሞ ሳለ የፊቱን ሐዲድ ሁሉ አፍኖ ይቆያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕላትፎርም መውጫ ላይ ይተከል። ባቡሮች ከሁለቱም በኩል የሚገቡበት ፕላትፎርም ከሆነ ባለ አንድ አቅጣጫውን ትተህ ተራውን ፓዝ ሲግናል በሁለቱም ጫፍ አድርግ። ተራው ከጀርባው በኩል የሚመጣውን ያሳልፋል፤ ሁለቱ ዓይነቶች የሚለያዩት በዚህ ብቻ ነው።

ኢንትሪ፣ ኤግዚት፣ ኮምቦ የሚባሉትን ፕሪ ሲግናሎች ሳላነሳ አልለፍ። ፓዝ ሲግናል ከመምጣቱ በፊት ብዙ ፕላትፎርም ያለው ጣቢያ በእነሱ ነበር የሚሠራው። ዛሬም የድሮ ቪዲዮ ላይ ታያቸዋለህ። ሐዲድ ላይ ሎጂክ መሥራት የሚወዱ ሰዎች አሁንም ይጠቀሙባቸዋል። ለአንተ አያስፈልጉም። ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ፦ የጌሙ ዓመት እ.ኤ.አ. 1950 እስኪደርስ ድረስ ጌሙ መብራት ሳይሆን ክንድ ያለው የድሮ ሲግናል ይተክላል። መልኩ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከቆመ መጀመሪያ ሰቲንግ ውስጥ የተያዙ ሐዲዶችን የሚያሳየውን ምርጫ አብራ። እኔ ሳላበራው አልጫወትም። ባቡር የያዘው ሐዲድ ጠቆር ብሎ ይታያል። የቆመውን ባቡር ተመልከትና መንገዱን በዓይንህ እስከሚቀጥለው መቆሚያ ተከተል። የሆነ ቦታ ላይ የሌላ ባቡር ጥቁር መስመር ይቆርጠዋል። ተጠያቂው ያ ነው። ምንም የሚቆርጠው ከሌለና ባቡሩ አሁንም ካልተነሳ መንገዱ ራሱ የለም ማለት ነው፦ የተገለበጠ ባለ አንድ አቅጣጫ ሲግናል፣ ያልተገናኘ ሐዲድ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ባቡር ሆኖ ሽቦ ያልተዘረጋበት ቁራጭ። እንዲህ ሲሆን «ባቡሩ ጠፍቷል» የሚል መልእክትም ሊመጣልህ ይችላል።

ቀይ ላይ ብዙ የቆየ ባቡር ራሱ እንዲዞር የሚፈቅድ ሰቲንግም አለ። አጥፋው። መተላለፊያው ላይ ተራውን የሚጠብቀው ባቡር ድንገት ዞሮ በመጣበት ቢመለስ የሠራኸው ሁሉ ይበላሻል።

ባቡሩ መስኮት ላይ ቀዩን ጥሶ እንዲሄድ የሚያስገድድ ቁልፍ ታገኛለህ። ያጓጓል። ነጠላ ሐዲድ ላይ ከተጠቀምክበት ግን ከፊት ለፊት የሚመጣውን የሚያቆመው ነገር የለም፤ በዚህ ጌም ባቡሮች ሲጋጩ ይፈነዳሉ። የተፋጠጡትን ለመፍታት ማዞሪያው ይሻላል።

መጀመሪያ በሁለት ባቡር ሞክረው፣ አዋሽ ላይ ሲተላለፉ እይ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ልቀቅ። ሚኤሶ ላይ ሁለተኛ መተላለፊያ ስትሠራ እዚያም ሁለት ሲግናል ብቻ ነው የሚተከለው፣ እንደ አዋሹ መውጫ መውጫው ላይ። ያኔ መቆሚያ ቦታህ ስድስት ይሆናል፤ አምስት ባቡር ማስኬድ ትችላለህ።